የርብ ዳሩ ማስተር

የልጅ ልጄ የቴኳንዶ ልብሷን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። ነፋስ በመታው ቁጥር እጅጌው ጧ ይላል። የማነበውን አስቀምጬ ያን ድምፅ ስሰማ ቆየሁ። እኛም እንዲህ የሚጮህ ልብስ ነበረን። አቡጀዲ ነው። ወረታ ገበያ ዳር የተቀመጠ ልብስ ሰፊ፣ "ይኼ ለለቅሶ ነው ለሰርግ?" እያለ እየሳቀብን ነበር የሰፋልን።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቻይኖቹ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር የሚያልፈውን መንገድ ሠርተው የሄዱ ሰሞን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ለመጨረስ ተቃርቤ ነበር። ጓደኛዬ ከቁሐር ሚካኤል የመጣ የቄስ ልጅ፣ ራሱም ዲያቆን ነው። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ከክፍል ስንወጣ ወሬያችን ሁሉ ድብድብ ነው። እኔ ጎንደር ሲኒማ ቤት ገብቼ ሁለት ፊልም ስላየሁ ካራቴን የሚያህል የለም ባይ ነበርሁ። እሱ አንድም ሳያይ ኩንግ ፉን ያዘ።

"ካራቴ አጥንት ነው፤ ያገኘውን ይሰብራል" እለዋለሁ።

"አጥንት ያለ ጅማት ምን ይሠራል? ኩንግ ፉ ጅማት ነው" ይለኛል።

አንድ ቀን ክርክሩ ሲከር አንገቴን ይዞ በአገሩ ትግል ጠልፎ ጣለኝና፣ "ይኼኛውስ ምን ይባላል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ማስተር የምንለው ሰውዬ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከቻይኖቹ ካምፕ ወጥቶ ወረታ ላይ አንዲት ክፍል የተከራየ፣ ዘመድ የሌለው፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነበር። ከቻይኖቹ ጋር ብዙ ዓመት ኖሮ ኩንግ ፉ ተምሯል ተብሎ ተወራ። ሄደን ጠየቅነው። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። "እስቲ እሑድ ርብ ዳር ኑ" አለን።

በጋ ነው፤ ወንዙ ጎድሏል። አሸዋው ከላይ ይሞቃል፣ እግርህን ስትቀብረው ይቀዘቅዛል። ነፋሱ የጭቃና የከብት ሽታ ያመጣል። ሰባት ስምንት ሆነን እንሰለፋለን። ማስተር እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በአንድ እግሩ ይቆማል፤ እኛም እንቆማለን። "ትንፋሽ! ትንፋሽ!" ይለናል። ሲያልቅ በወረቀት የጠቀለለውን ሽንብራ አውጥቶ ያካፍለናል። ልንነሣ ስንል፣ "ምን ያስቸኩላችኋል? ትንሽ ተቀመጡ እንጂ" ይላል። ያኔ ወሬ የሚወድ ሰው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ቤቴ የመጣ እንግዳ ጫማውን ሲያጠልቅ እኔም ይህንኑ ቃል እላለሁ።

ወራት አለፉ፤ ከመወዛወዝ በቀር አንድ ቡጢ አላሳየንም። ሰለቸኝ። ሐሙሲት ውስጥ ከጦሩ ተሰናብቶ ካራቴ የሚያስተምር አንድ ጎልማሳ ነበር። ለማንም ሳልናገር ሄድሁና፣ "የኛ ማስተር እኔን የሚችል የለም ይላል" አልሁት። ከማስተር አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

የሐሙሲቱ ሰው በቀጣዩ እሑድ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መጣ። ወሬው ቀድሞ ስለነበር ወንዙ ዳር ሰው ሞልቷል። ማስተር ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አልሸሸም። ወደ መሐል ገባና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። የሐሙሲቱ ሰው ቡጢም አላባከነበት፤ በሁለት እጁ ደረቱን ገፋው። ማስተር ወደ ኋላ ተንደርድሮ ውኃው ውስጥ ቁጭ አለ። ተነሣ፤ ደግሞ ገፋው። ሁለተኛ አልተነሣም።

"ይበቃኛል ወንድሜ" አለ ከውኃው ውስጥ። "እኔ የካምፑ ወጥ ቤት ውኃ ቀጂ ነበርሁ። ጧት ጧት ሲሠሩ አያቸው ነበር እንጂ ያስተማረኝ የለም።"

መጀመሪያ የሳቅሁ እኔ ነኝ። ከዚያ ዳር ቆሞ የሚያየው ሁሉ ሳቀ።

ዲያቆኑ ከነጫማው ውኃው ውስጥ ገብቶ አነሣው። ከቤተ ክርስቲያን ለብሶት የመጣውን ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለትና ደግፎ ይዞት ሄደ።

ማታውን ዲያቆኑን ተከትዬ መንገድ ላይ ደረስሁበት። "ሲያታልለን ከረመ እኮ!" አልሁት።

"አውቅ ነበር" አለኝ።

"ምኑን?"

"አንድ ቀን ለብቻችን ስንለማመድ በትግል ያዝሁት። እንደ ገለባ ወደቀ።"

"ታዲያ ለምን ስትማር ከረምህ?"

"እሑድ እሑድ ከእኛ ሌላ ማን አለው?" አለኝ። ቀጥሎ ቆም ብሎ አየኝ። "የሐሙሲቱን ያመጣኸው አንተ ነህ?"

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርሁ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ማስተር ሳምንት ሳይሞላ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ የጭነት መኪና ሄደ። የሸኘው ዲያቆኑ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥም ከአጠገቤ ተነሥቶ ዴስክ ቀየረ። "ይቅር በለኝ" የምልበትን ቃል በልቤ ስደረድር፣ ዛሬ ነገ ስል ክረምት ገባ። ሜዳው በውኃ ተሞላ፤ እሱም ወደ ቁሐር ሄደ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ ስሙ ከዚያው ወጣ። እኔ የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ ጭቃውን እየረገጥሁ አባቱ ቤት ሄድሁ። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አባ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?"

ስሜን ነገርኋቸው።

"አንተ ነህ!" ብለው ተነሡ። "ልጄ ካንተ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እንደ ወንድሜ ነው ይለኝ ነበር። ግባ፣ ግባ።"

መጣላታችንን አልነገራቸውም ነበር። አጠገባቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሱኝ። "አባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁ" ብዬ ጀመርሁ። "ይደርሳል፣ መጀመሪያ ብላ" አሉኝ። ከበላሁ በኋላ ግን ሳልነግራቸው ተመርቄ ወጣሁ።

ዲያቆኑ አልተመለሰም። እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አባቱን እጠይቃቸው ነበር። ሁልጊዜ፣ "እስቲ ስለ ልጄ አጫውተኝ" ይሉኛል። እኔም ስለ ወንዙ፣ ስለ ማስተር፣ እንዴት በአንድ እግራችን እንደምንቆም እነግራቸዋለሁ። እየሳቁ፣ "ከዚያስ?" ይሉኛል።

"ከዚያማ መሸና ወደየቤታችን ገባን፣ አባ" እላቸዋለሁ።