የአረቄው በርሜል

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በነቀምቴ ከሆስፒታሉ በታች፣ ባጃጆች በሚሰለፉበት ቀይ ጭቃ ላይ፣ አንዲት ሴት ተንበርክካ የአንድ ሰው የጫማ ክር ታስራለች። ሰውየው አርባን የተሻገረ ነው። ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ ታቅፎ ደመናውን ያያል። ጣቶቹ ወደ መዳፎቹ ታጥፈው፣ ቆዳቸው እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀርቷል። ሴትዮዋ አንዱን ጫማ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትዞር የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነካ፤ ግድ አልሰጣትም። ተራው የደረሰው የባጃጅ ሾፌር ጡሩምባውን አልነካም። ሞተሩን አጠፋና፣ ሰውየው እንዳያፍር ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«ጠበቀብህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ደህና ነው።»

«አንተ መቼም ሁልጊዜ ደህና ነህ። እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስ።»

ሰውየው በጫማው ውስጥ የእግር ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። እሷም ተነስታ፣ ላብ ችፍ ያለበትን ግንባሩን በነጠላዋ ጠርጋ ባጃጁ ውስጥ አስገባችው።

ያየ ሁሉ ሚስቱ ናት ይላል። ይህን የሚጽፈው ሰውም እዚያው ተራ ሲጠብቅ እንደዚያ መስሎት፣ በልቡ ስለ ትዳራቸው አምላኩን አመስግኖ ነበር። ሚስቱ ግን አይደለችም። ድርቤ ትባላለች፤ የሟች ወንድሙ የጂሩ ሚስት ናት። ሰውየው ደግሞ በያጁ ገለታ ነው። በከተማው ውስጥ ግማሹ የግቢ በር የእሱ እጅ ሥራ ነው፤ ያ እጅ ነበረ እንጂ አሁን የለም።

ገለታ የተወለደው ጉቴ በሚባል ገጠር ነው። ብየዳን ያስተማረው ሰው የለም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ነቀምቴ መጥቶ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ በተቀባ ጥቁር መስታወት እያየ ለመደው። እጁ ቶሎ ተፍታታ፤ ገንዘብም ቶሎ አየ። አረቄም እንደዚያው ቶሎ መጣ። አሥር ዓመት ሙሉ በጠጣበት ዘመን ሚስቱ ትታው ሄደች፤ ማሽኑን ሁለት ጊዜ ሸጦ ሁለት ጊዜ ገዛ። ማታ ማታ ከአረቄ ቤት አንስቶ ተሸክሞ የሚያመጣው በዘጠኝ ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ጂሩ ነበር። ጂሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ተሸክሞት ሲመጣ አይቆጣም፤ «ዛሬ ደግሞ ሁለት ኪሎ ጨምረሃል» ይለዋል።

ከሰባት ዓመት በፊት ገለታ አረቄን ተወ። ጌታን ተቀበለ፤ ከወንድሙ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ጀመረ፤ ዘወትር እሁድ ከጂሩና ከድርቤ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ይመሰክርለታል። ነገር ግን የተወ ሰው ስም ቶሎ አይጸዳም። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ዓይኑ ቢቀላ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጠጋ ብለው አፉን ሲያሸቱት ተሰምቶታል። ያን ቀን ያደረበት ፍርሃት አልለቀቀውም።

በሥራው ግን ጥንቁቅ ነበር። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በውሃ ፕላስቲክ እየተሞላ በየሱቁ ደጃፍ መሸጥ ሲጀምር፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ከከሰል ምድጃ አርቁት ብሎ የለመነው እሱ ነው። ኡኬ ላይ አንዲት እናት በላምባ ጀሪካን ቤንዚን ተሸጦላት፣ ምድጃዋን ስትሞላ ከነቤቷ መቃጠሏን ለሁሉም ይነግራል። በርሜል የሚያስበይድ ሲመጣም ቃሉ አንድ ነው፤ ቤንዚን የገባበት በርሜል ከደጄ አይገባም። ሌላውንም ቢሆን እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ካልሆነ አይነካውም።

በጥር ወር የቤተ ክርስቲያኑ ኮንፈረንስ ደረሰ። እንግዳ ከአርጆም ከጉቴም ይመጣል። ሽማግሌው ኦቦ ፈይሳ ገለታን ጠርተው፣ ለእንግዶች መጠጥ ውሃ የሚሆን ሦስት ቧንቧ የተበየደለት በርሜል እንዲሠራ አዘዙት። ገለታ ደስ አለው። ለእግዚአብሔር ቤት ሲታዘዝ የመጀመሪያው ነበር። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ በርሜሉንም ራሴ እገዛለሁ አለ።

በርሜል የሚሸጡት ጋሽ መሸሻ ናቸው፤ አባታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ነጋ ጠባ የሚቀልዱ ሰው።

«ጋሽ መሸሻ፣ ቤንዚን ያልነካው አለዎት?»

«ቤንዚን ያልነካው? በዚህ ጊዜ? እኔ ራሴ ቤንዚን ቤንዚን እሸታለሁ፤ ባለቤቴ ክብሪት ከአጠገቤ አትጭርም።»

«እውነቴን ነው። ለጸሎት ቤት ነው።»

ጋሽ መሸሻ ሳቃቸውን አቆሙ። «አንድ አለ። ግን አትወደውም። ከገጠር አረቄ ሲመላለስበት የኖረ ነው፤ ሥሩ ላይ የቀረም አለው። አልደብቅህም፤ ብትወስደው ውሃ ሞልተህ አሳድረው።»

ገለታ ጎንበስ ብሎ በክዳኑ ቀዳዳ አሸተተው። ሁለት ጊዜ የተጣራ አረቄ ነው፤ ኃይለኛው። አፍንጫው ከሰባት ዓመት በኋላም አልረሳውም። ያን ጊዜ የፈራው እሳትን አልነበረም። ኦቦ ፈይሳ ይህን ቢያሸቱ ምን ይሉኛል ብሎ ነው የፈራው።

«ለሽማግሌዎቹ የዘይት ነበር እላለሁ። እርስዎም...»

«ከእኔ አፍ አይወጣም» አሉ ጋሽ መሸሻ። «አንተ ብቻ እጠበው።»

በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። መብራትም ሁለት ቀን ጠፍቷል። ገለታ በአንድ ጀሪካን ውሃ በርሜሉን አለቃለቀው፤ ሽታው ጠነከረ እንጂ አልጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም፤ ኮንፈረንሱ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ የማያስተምረው ጂሩ ሊያግዘው እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። በዚያው ሰዓት ኦቦ ፈይሳ ሥራውን ሊያዩ እየመጡ መሆናቸው ለገለታ ተነገረው።

ገለታ የቧንቧ ቁልፉን አነሳና፣ ሽታው እንዳይወጣ፣ ሁለቱንም ክዳኖች አጥብቆ ዘጋቸው።

በርሜሉን በጎኑ አጋደሙት። ጂሩ እንዳይንከባለል በአንደኛው ጫፍ ተቀምጦ በጉልበቱ ደገፈው።

«ኦቦ፣ ይሄ ምን ምን ይላል?» አለ ታላቁን እንደሚጠራበት። ገለታን ኦቦ ነው የሚለው፤ በኦሮምኛ ታላቅን ማክበሪያ ነው፤ ከልጅነቱ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

«የቆየ ዘይት ነው።»

«ዘይት እንዲህ አፍንጫ አይሰረስርም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፤ ከወተት ሌላ የቀመስከው የለ።»

ጂሩ ሳቀ። ይህ የመጨረሻ ንግግራቸው ነው። ገለታ መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሊበሳ የብየዳውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ በርሜሉ ላይ ነካ አደረገው።

ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ ይላሉ። የበርሜሉ ግንባር ተገንጥሎ የጂሩን ደረት መታው፤ ሰማያዊ እሳትም ልብሱ ላይ ተያያዘ። ገለታ ሸሚዙን ከወንድሙ ላይ በእጁ እየቀደደ፣ እሳቱን በመዳፉ እየጨፈለቀ አጠፋው። ጂሩ ግን ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ኦቦ ፈይሳ ከመንገድ ሮጠው ሲደርሱ ያዩት ይህን ነበር፤ በሚነድ እጅ ከወንድሙ ላይ እሳት የሚያጠፋ ሰው።

ስለዚህ ከተማው የሚያውቀው ገለታ ይህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሙ ተነስቶ ተጸልዮለታል። ጥፋቱ በጋሽ መሸሻ ላይ ተደረገ፤ የቤንዚን በርሜል ሸጠውለት ነው ተባለ። ደንበኛ ራቃቸው፤ ሰላምታም የነሷቸው አሉ። እሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሆስፒታል ሊጠይቁት መጥተው፣ ብርቱካን ራስጌው አስቀምጠው፣ «ከእኔ አፍ አይወጣም ብዬሃለሁ» ብለው ብቻ ሄዱ።

ገለታን ሌሊትና ቀን የሚበላው አንድ ነገር አለ። ሳላውቅ ነው ማለት አይችልም። በአረቄ ቤት ዘመኑ፣ አዲስ የመጣ አረቄ ኃይለኛ መሆኑን የሚያረጋግጡት በማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት በመጫር ነበር። ሰማያዊ ነበልባል ካነሳ ጥሩ ነው፤ ካላነሳ የአረቄ ቤቱ ባለቤት ትሰደባለች። ክብሪቱን የሚጭረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በዚያ ሰፈር አረቄ እንደሚነድ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያምነው ጂሩ ግን ቀምሶት ስለማያውቅ፣ ወንድሙ ዘይት ነው ሲለው ዘይት ነው ብሎ ጉልበቱን አስደገፈ።

ድርቤ ይህን አታውቅም። ባሏን ቀብራ በአርባኛው ቀን የገለታን ልብስ ማጠብ ጀመረች። ታጎርሰዋለች፤ ታለብሰዋለች፤ ቁስሉን ለማሳየት ሆስፒታል ትወስደዋለች። የስድስት ዓመት ልጇ አሜን እንኳ ውሃ በስትሮ ታጠጣዋለች። አሁን ደግሞ የድርቤ ወንድም ቀነአ አርጆ ላይ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝቶላታል፤ ደመወዝ አለው፤ ለልጅቷም እዚያው መማሪያ አለ። እሁድ ከሰዓት የመጨረሻ መልሷን ሊሰማ፣ እሺ ካለችም ዕቃዋን ጭኖ ሊወስዳት ይመጣል።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ውሳኔዋን ለገለታ ነገረችው።

«አልሄድም ብዬዋለሁ። ስልክ ላይ ጮኸብኝ። ይጩህ።»

«ድርቤ፣ ሥራ እኮ ነው። ሂጂ።»

«አንተን ማን ያጎርስሃል? ኦቦ ፈይሳ?» ፈገግ አለች። «ጂሩን በእጁ ከእሳት ያወጣ ሰው ጥዬ ብሄድ፣ እሱ ራሱ በሰማይ አያናግረኝም።»

ገለታ ወደ እሷ ዞረ። «በርሜሉ...» አለ።

«በርሜሉን ተወው። የሸጠልህን ሰውዬ ነገር ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ አንተም ስጥ» አለችና ጉርሻውን አፉ ውስጥ አደረገችው። አኘከ። ከመዋጥ ሌላ ምን ያደርጋል።

ሦስተኛ ጊዜው ነበር። መጀመሪያ ሆስፒታል ሊነግራት ሲጀምር አልቅሳ አስቆመችው። በፋሲካ ሊነግራት ሲል አሜን ጉልበቱ ላይ ወጣች። ዝም ባለ ቁጥር ዝምታው እየጣፈጠው መምጣቱን ደግሞ እሱ ራሱ ያውቃል፤ ያስፈራውም ይኸው ነው። ብትሄድ ብርጭቆ የሚያነሳለት የለም። ጉቴ ያሉት ዘመዶቹ ለራሳቸው አልበቁም። ብትቀር ደግሞ የባሏን ገዳይ ጫማ እያሰረች ታረጃለች።

ሐሙስ ከሰዓት ገለታ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ይህን ወደሚጽፈው ሰው ቤት መጣ። ለከተማው አዲስ የሆነ፣ ከዚያ ከባጃጁ ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ከኋላው ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ሻይ ቀረበለት፤ ሳይነካው ቀዘቀዘ። የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ከማንኪያው እስከ ክዳኑ። አላለቀሰም።

ሰሚው ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ተናገረ። ገለታ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ምሕረቱን አምናለሁ» አለ። «ባላምን ኖሮ እስካሁን አልቆምም ነበር። እኔ የመጣሁት ለእሱ አይደለም። አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።»

«ምን?»

«ጻፈው። አረቄ እንደነበር፣ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ መሆኔን፣ እንደሚነድ አውቅ እንደነበር። ጋሽ መሸሻ ነግረውኝ እንደነበርም አትርሳ። ጻፈውና ወንድሟ ሳይመጣ፣ ከእሁድ በፊት፣ ለድርቤ አንብብላት። ፊደል ታውቃለች፤ ግን ብቻዋን እንድታነበው አልፈልግም። እኔ ልናገር ብጀምር ታጎርሰኛለች፤ አንተን ግን ታስጨርስሃለች።» የታጠፉትን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አሜን ግን እንዳትሰማ። ልጅቷን ወደ እኔ ላካት፤ በሩ ላይ ሆኜ እይዛታለሁ።»