በባጃጅ የወረዱት ሽማግሌዎቼ

ቴሌቪዥኑ ሰዎች እንደገና ወደ ጨረቃ ሊሄዱ ነው ባይል ኖሮ ትዳሬ እንዲህ ባልተወሳሰበ። ጡረታ የወጡት የፊዚክስ አስተማሪ አጎቴ ወሬውን የሰሙት ለእኔ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ሲሰናዱ ነው።

የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሀና ማርያም ናቸው፤ የሰፈሩ መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ጭቃ ሆኗል። አጎቴ ጎፋ ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጉዳዩን ተነተኑት። አንደኛው አማራጭ በትልቅ መኪና በቀጥታ እስከ በሩ መሄድ ነው።

«መውረዱን ይወርዳል፤ ያን ሁሉ ክብደት ከዚያ ማን ያስነሳዋል?»

ሁለተኛው፣ ሁሉም በየመኪናው መጥቶ ጎፋ ላይ ተገናኝቶ በአንድ መኪና መጠቃለል ነው። እሱም ጭቃው ጋ ሲደርስ ያው ነው። ሦስተኛው፣ ትልቁ መኪና አስፋልት ላይ እየዞረ ሲጠብቅ በቀላል ባጃጅ ወርዶ ጉዳይ ጨርሶ መመለስ።

«ጨረቃ ላይም የተወረደው እንዲህ ነው፤ ትልቁ መንኮራኩር ከላይ እየዞረ ትንሹ ይወርዳል» አሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጨረቃን የሚሞግቱበት አቅም አልነበራቸውም።

ዟሪው እኔ ሆንኩ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ መኪናውም የእኔ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መቆም ስለከለከለኝ አስፋልቱ ላይ ያለውን አደባባይ ስዞር ዋልኩ። ከአንድ ረጅም ፎቅ ጀርባ ስገባ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ብቅ ስል ስልኬን አያለሁ። እዚያ ታች ዕድሜዬን ከማን ጋር እንደምኖር ይወሰናል፣ እኔ እዚህ ፍሬቻ አበራለሁ። በጣም ፈርቼ ነበር።

በመጨረሻ አጎቴ ደወሉ።

«ዕቅዱ እንከን የለውም። በሰላም ወርደናል።»

«እሺ አሉ?»

«እሱንማ እምቢ አሉ። አባቷ ልጁስ የት አለ ብለው ጠየቁኝ። አደባባይ እየዞረ ነው አልኩና ሦስቱንም አማራጮች አስረዳኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ጭቃችንን የተጸየፈ ልጃችንን አይወስድም አሉ። አንተ ግን እንዳትወርድ፤ መመለሻችን አንተ ነህ።»

ደሜ ፈላ። መኪናውን አንድ ጎሚስታ በር ላይ ገትሬ በእግሬ ወረድኩ። አንድ ጫማዬ ቦዩ ውስጥ ቀረ።

አባቷ ዛሬም በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ላም የሚያረቡ የሰፈሩ ነባር ገበሬ ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ አዩት። አጎቴ ከኋላቸው ሆነው «ይሄኛው አማራጭ አልተጠናም» ይላሉ።

አባቷ ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ።

«ለእግሩ ውሃ አምጡለት።»

ውሃውን ይዛ የወጣችው እጮኛዬ ነበረች።