ምክትል ርዕሰ መምህራችንን ምች ሲመታው

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጌታቸው አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ቆሟል... የመካነ ሰላም ብርድ መስሎኝ ነበር።

ሻርፑን ዝቅ ሲያደርገው ከንፈሩ በምች ተመትቷል። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ምን ይደረግ?

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ባለፈው ክፍል ውስጥ፣ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ሰውነታችን ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖር አስረዳሁ። ጠፈርተኞችን እንኳ የጉዞው ጭንቀት የሰውነታቸውን መከላከያ ሲያዳክመው የተኛው ቫይረስ ይነሳባቸዋል አልኩ። ይሄ ሰውዬ በማግስቱ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ «ጠፈር ላይ ምች አለ የምትል መምህርት አለችን! ዳማከሴ እንላክላቸው?» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር «ጠፈርተኛዋ» ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ቂመኛ ነኝ።

«አፈር ስሆን እርጂኝ» አለኝ።

ለካ ሰርጉ ደርሷል። የእጮኛው ወንድም ቁስሉን አይቶ «የአባላዘር በሽታ ነው» ብሎ ለቤተሰቡ ነግሯል። አባትየው ጋሽ ይመር ሰርጉን ሊያፈርሱ ሽማግሌ ይዘው ከወግዲ መጥተዋል።

«ከጭንቀት የመጣ ነው በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

«እሄዳለሁ። የምታስረዳው ግን አንተ ነህ... ጠፈርተኞቹን ሳትዘል።»

ሄድን። ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ በዚያ ብርድ ላብ እያጠመቀው ተናገረ። «ጠፈር የሚወጡ ሰዎችም... ከጭንቀቱ የተነሳ... ምች ይወጣባቸዋል።» ወላሂ፣ ትምህርት እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም!

ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«እውነቱን ነው ጋሼ፣ አብሽሩ። የአባላዘር በሽታ አይደለም፣ ቁስሉ ይድናል። እስኪድን ድረስ ግን ሙሽራዋን እንዳይስማት።»

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጌታቸው መሬት መሬት አየ። ሰርጉ ግን ተረፈ... እፎይ ብሎ ሊቀመጥ ሲል ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ... የኔን ልጅ ማግባት ጠፈር የመውጣት ያህል አስጨነቀህ?»

ጌታቸው በዓይኑ ለመነኝ። ለሱ የሚሆን መልስ ነበረኝ... ግን ሻዬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ፉት አልኩ።