«አዴ ቢሻን» ያልናቸው ሴትዮ

ያን ጠዋት የአሰላ ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር... እኔ ግን ነጭ ጋውኔን ለብሼ የወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ተገትሬአለሁ። የንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አንድ፣ ኩራቴ የሚኒስትር!

ሥራዬ ገበሬው ጠዋት ጠዋት የሚያመጣውን ወተት መፈተሽ ነው። ቴርሞሜትር የምትመስል የብርጭቆ መለኪያ ሰጥተውኛል። ንጹህ ወተት ውስጥ ስትከቷት ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ውሃ ያለበት ውስጥ ዝቅ ትላለች። ዳኛዋ እሷ፣ ፍርድ አስፈጻሚው እኔ።

ያን ጠዋት ታዲያ መለኪያዋ አዴ ሸምሲያ ባመጡት ወተት ውስጥ ዝቅ አለች። «አዴ» በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሁለት ላሞች አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከመሰብሰቢያው ጀርባ ነው።

«ውሃ አለው» አልኳቸው።

ሌላው ሰው ሲያዝ ምን እንደሚል ልንገራችሁ... «ላሚቱ ትናንት ብዙ ውሃ ጠጥታ ነው!» ይላል። ሰልፈኛው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ወተቱ ይመለሳል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሳቸው ግን እንዲያ ማለት አልቻሉበትም።

«አዎ ልጄ... ጥጃው ቀድሞኝ ጠባ። ጎዶሎ ይዤ ለመምጣት አፍሬ አንድ ኩባያ ጨመርኩ» አሉ።

እውነቱን በመናገራቸው ጉድ ፈላባቸው። ከሰልፉ አንዱ «አዴ ቢሻን!» ብሎ ጮኸ። ቢሻን ማለት ውሃ ነው። ሁሉም አውካካ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሳቸውን ሰልፈኛው አወጣው። በሳምንቱ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ትምህርት ቤት «የቢሻን ልጆች» ተባሉ።

እኔስ? እስከዚያ ቀን «እርስዎ» እላቸው የነበርኩት ጎረምሳ ወደ «አንቺ» ወረድኩ። እናቴን የሚያህሉ ሴት! አሁን ስጽፈው እንኳን ፊቴ ይግላል።

ከዚያ ወዲህ አላመንኳቸውም። ገና በር ከመክፈቴ «አንቺ፣ ነይ ቅደሚ!» ብዬ ከሰልፉ አወጣቸውና ከሁሉ በፊት የሳቸውን እለካለሁ። ዝቅ! በማግስቱም ዝቅ! በሰልስቱም ዝቅ!

«ወላሂ፣ ጠብታ ውሃ የለበትም!» ይላሉ።

«መለኪያዋ አትዋሽም» እላለሁ እኔ፣ ጋውኔን እያስተካከልኩ።

ወተታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አለቃዬ «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለች ከመዝገብ ሰርዛት» አለኝ። ከተሰረዙ በዚያ ስም ከተማው ውስጥ ወተታቸውን የሚገዛ አይኖርም። የልጆቹ እንጀራ ደግሞ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ «ነይ ቅደሚ!» አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። «ጥፋት እንደሆነ አንድ ቀን አጥፍቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን እንደ ሰው ተራዬን እጠብቃለሁ።»

ሄደው የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። አንዱ «ውሃው እስኪተን ነው?» ብሎ አሳቀ።

ተራቸው ሲደርስ አንድ ሰዓት ያህል አልፏል። መለኪያዋን ከተትኩ... ከፍ አለች። ጠርጌ ደገምኩ። ከፍ!

«ፈርታ ነው፣ ዛሬ ንጹህ አመጣች» አሉ ሰዎች። እኔም እንደዚያው ልል አፌን ስከፍት እጄ ወተቱን የያዘውን ቢዶን ነካ። በረዶ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሥልጠና ላይ መምህራችን «ትኩስ ወተት አትለኩ፤ መለኪያዋ ትሰምጣለች። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ» ብሎን ነበር። ጽፌዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ። ለመርሳትም ምክንያት ነበረኝ፤ ሰው ከሩቅ ስለሚመጣ፣ ሰልፍ ላይም ስለሚቆም፣ የጭላሎ ተራራ ንፋስ ወተቱን ያቀዘቅዝልኛል። የሳቸው ወተት ግን ከጓሮ ነው የሚመጣው፣ ገና ከላሟ እንደወጣ። ሰልፍ ቢጠብቁ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔ ነኝ ከሰልፉ ያወጣኋቸው! ስላላመንኳቸው አስቀደምኳቸው፤ ስላስቀደምኳቸው ደግሞ አጭበርባሪ ሆነው ተገኙ።

በማግስቱ «አዴ ሸምሲያ፣ አንዴ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ትኩሱን ለካሁ፤ ዝቅ። ያንኑ ወተት ሰው ሁሉ እያየ አቆይቼ ለካሁ፤ ከፍ። ወደ ሰልፉ ዞርኩ።

«ሰዎች... የመጀመሪያው ቀን ውሃ ነበረበት፣ እሳቸውም አልካዱም። ከዚያ ወዲህ ያለው ጥፋት ግን የኔ ነው።»

አዴ ሸምሲያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ አንድ ቀን ውሃ ጨመርኩ። አንተ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጨምርብኝ ከረምክ» አሉ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ያ ስም በአንድ ጠዋት ወጥቶ ለመውረድ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ሰው «አዴ ቢ...» ብሎ ጀምሮ ምላሱን ይነክሳል፤ ሌላው ይቆጣዋል። መስከረም ሲጠባ የሚያስታውሰው እንኳን ጠፋ። ልጆቹም ትምህርት ቤት በአባታቸው ስም መጠራት ጀመሩ።

ወደ ሮቤ ተዛውሬ ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ቤታቸው ገባሁ። ወተት በትልቅ ኩባያ ሞልተው ሰጡኝ።

«ጠጣ» አሉኝ። «ሳትለካ።»

እውነቱን ልናገር... የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ «ቀጠን አለ እንዴ?» ብዬ አስቤያለሁ። ሦስተኛው ላይ ለቀቀኝ።