የጓደኛዬ እናት ግቢ

የጓደኛዬ እናት ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ውስጥ ባለችው ትንሽ መንደራቸው ማለዳ አርፈው ከቀትር በፊት ተቀበሩ። እዚያ አስከሬን አያድርም። ጓደኛዬ ለንደን፣ አርችዌይ ባለችው ክፍሏ ሆና ስልኩን ስታነሳ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። በዚያኑ ቀን ብትበር እንኳ የምትደርሰው መቃብሩን ለማየት ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው። ለማስተርስ ጥናቴ የገጠር መንደር ስፈልግ «እናቴ ጋ ሂጂ» ብላ የላከችኝ እሷ ናት፤ ሦስት ወር እናቷ ቤት ኖሬ ተመለስኩ። እሷ ግን በሥራና በቪዛ ጣጣ ተይዛ አገሯን ካየች ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ከተማ እናቷን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእሷ ይልቅ በቅርቡ ያየኋቸውም እኔ ነኝ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንድም ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።

መርዶውን በጽሑፍ ነው የላከችልኝ። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ማምሻውን «ለሰባተኛው ቀን እዚሁ ቤቴ ትንሽ ነገር እሠራለሁ» ብላ ጻፈች። ይኸው ነው። ነይ አላለችም። ቀጥሎ የምትጽፈው ካለ ብዬ ስልኩን እያየሁ ጠበቅኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ የሰው በር ከማንኳኳቴ በፊት እንኳ ቆም ብዬ ከውስጥ ድምፅ የማዳምጥ ሰው ነኝ።

በዚያ ሳምንት ሐሳቤ ሁሉ መንደሩ ውስጥ ነበር። እዚያ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመጥረጊያ ድምፅ ነው። ከአዛን በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሴቶቹ ከኮኮናት ቅጠል ስንጥር በተሠራ መጥረጊያ በየግቢያቸው መሬቱን ይጠርጋሉ። የጓደኛዬ እናት ጎንበስ ብለው፣ ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠርጉና የረገፈውን ቅጠል ማንጎው ሥር ሰብስበው ያቃጥሉታል። ጭሱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ የጎረቤትም ወደ እኛ ይመጣል። አጥር የሚባል ነገር የለም። የአንዱ ግቢ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር የሚታወቀው በመጥረጊያው መስመር ነው፤ እሱም ዶሮዎቹ ጭረው እስኪያጠፉት ድረስ።

ከቤቱ ጀርባ የመስኖ ቦይ ያልፋል፤ ከቦዩ ማዶ የሩዝ ማሳ ነው። በመከር ጊዜ ሩዙን አስፋልቱ ላይ ያሰጡታል፤ ሞተር ሳይክሎቹ ዞር ብለው ያልፋሉ እንጂ ማንም አይቆጣም። አንድ ሽማግሌ በየማለዳው ዳክዬዎቻቸውን በቀርከሃ ዘንግ እየነዱ በደጃችን ያልፉ ነበር።

«ወዴት ነው?» ይሏቸዋል የጓደኛዬ እናት።

«ወደ ማሳው።»

መንገዱ ከማሳው ሌላ የሚያደርስበት ቦታ የለውም። ነገም ይጠየቃሉ፤ ነገም ይመልሳሉ። እኔንም ሱቅ ስሄድ ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነው?» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ሰሞን ምን ልገዛ እንደምሄድና ለምን እንደሆነ ቆሜ አስረዳ ነበር። «ኧረ ልጄ፣ ‹እዚሁ ነኝ› በይና እለፊ፤ ሰዎቹ ሥራ አላቸው» አሉኝ የጓደኛዬ እናት።

አንድ ቀን ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ቤት ሠርግ ሆነ። ከዋዜማው ጀምሮ ሴቶቹ ሁሉ ቢላዋቸውን እየያዙ ወደዚያ ሄዱ። እሳቸውም ሄዱ። እኔ ክፍሌ ተቀመጥኩ። እናቴ ያሳደገችኝ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለች ነው። ቀትር ላይ የጓደኛዬ እናት እጃቸው በኮኮናት ነጭ እንደሆነ ተመልሰው መጡ።

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አልጠሩኝም።»

ትንሽ አዩኝና ሳቃቸው መጣ። «የሚጠራማ እንግዳ ነው። ነገ ለባብሶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ጎረቤት ይጠራል እንዴ? ሴቶቹ እኮ ‹ልጅሽ ኮራችብን› እያሉኝ ነው።»

እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ሴቶቹ መሀል ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግማሽ ኮኮናትና መፈቅፈቂያ ሰጡኝ። ብዙም ሳልቆይ ጣቴን ላጥኩት። «ተዉአት፣ ተዉአት፣ ሥጋ እየጨመረችበት ነው!» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክጠራ መጠበቅ ተውኩ፤ እዚያ እያለሁ።

ለንደን ስመለስ ግን የለንደን ሰው ሆንኩ። እዚህ ሰው ቤት ከመሄድ በፊት መልእክት ይላካል፣ ቀን ይያዛል። ያዘነ ሰው ደግሞ ብቻውን መሆን ይፈልግ ይሆናል ይባላል። ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልወሰንኩም ነበር። ሼፈርድስ ቡሽ ያለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ እናቴ ከገበያ ያመጣችውን ጎመን እያጠበች ሳለ ነገርኳት።

«ግን ነይ አላለችኝም» አልኩ።

ቧንቧውን ዘጋችው። «ለለቅሶ ነው ነይ የምትልሽ?»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ…»

«ካርድ ታሳትምልሽ?»

«ምናልባት ስፔስ ትፈልግ ይሆናል።»

«ምን ትፈልግ?»

«ብቻዋን መሆን።»

«ብቻዋንማ ናት። እሱን መቼ አጣችው?»

«‹ሳይጠሩት አቤት› እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እሱ ለድግስ ነው። ለቅሶና ድግስ አንድ ሆነብሽ? በይ ተነሽ። እኔም እመጣለሁ።»

እናቴ የወንጌላውያን አማኝ ናት፤ ሰባት፣ አርባ የሚባል ነገር አትቆጥርም። ባቡሩ ውስጥ ዙሪያዋን ቃኘችና አማርኛ የሚሰማ ያለ ይመስል በሹክሹክታ «ሥጋ አለው?» አለችኝ።

«ዶሮ ይኖር ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔ ቅጠሉን እበላለሁ። ለጸሎቱም በልቤ የራሴን እጸልያለሁ። እንዳትናገሪብኝ።»

«ማን ይጠይቀኛል ብለሽ ነው?»

በሩ ላይ ስንደርስ «መጀመሪያ ልደውልላትና…» ስል እናቴ ደወሉን ተጭናው ነበር።

ጓደኛዬ ሽርጥ ታጥቃ፣ ዓይኗ አብጦ ከፈተችልን። እናቴን ስታይ ደነገጠች። «ማንንም አልጠራሁም» አለች እንደ ይቅርታ። «እንዴት ብዬ እንደምጠራ አላውቅም። እኛ አገር አይጠራም።»

እናቴ አቀፈቻት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እናቴ ካፖርቷን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ኩሽናው ገባች። መርዶውን ሰምተው የመጡ ሁለት የጓደኛዬ አገር ሴቶች ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ሽንኩርት ይልጣሉ። የመንደሯ ሰዎች አይደሉም፤ እናቷን አያውቋቸውም። ጠረጴዛው ላይ ተራራ የሚያህል ቅጠል ተከምሯል።

«ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትከትፊው ነበር?» አለች እናቴ በእንግሊዝኛዋ። ቢላዋ ራሷ ፈልጋ አገኘች።

እኔ ከጓደኛዬ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እኛም ሽንኩርቱን መላጥ ጀመርን። ከዚያ ቀና ሳትል «ማታ ማታ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ።

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን ዘይት ይቀባሉ። አንቺን ያማሉ።»

«ምን ብላ?»

«ሩዝ ታሳርራለች ብለው። አሁን እንግሊዞቹን ያረረ እያበላቻቸው ነው ይሉኝ ነበር።»

ሳቀች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሴቶቹም ሳቁ።

«ጉልበቷን ያማት ነበር? እኔ ስጠይቃት ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

ለማለስለስ ቃል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። «አዎ። ደረጃ ሲወርዱ ጎን ለጎን ነበር የሚወርዱት፤ ግድግዳውን ይዘው።»

ራሷን ነቀነቀች። እናቴ መክተፏን አቁማ ነበር። «ጮክ በይ» አለችኝ በአማርኛ። «ሁላችንም እንስማቸው እንጂ።»

ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቃለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀመርኩላቸው። ከአውቶቡስ ስወርድ እናቷ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ጃንጥላውን ለእኔ አስያዙኝና ሻንጣዬን ቀምተውኝ ፊት ፊት ሄዱ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

«አትሰማማ» አለች ጓደኛዬ። ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እሺ፣ ከዚያስ?»