ምንጫችንን ሥለው ወሰዱት

ንጋት፣ ከቤት

ከአምበር በላይ ካለው መንደራችን የተነሣሁት ሥራ ፈትቼ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት መምህርት የየመንደሩን ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ከተማ ሰብስባ ስለ ውሃ ታስተምራለች፤ እያንዳንዱ ልጅ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ከነመንገዱ እንዲሥል ታዛለች አሉ። የእኛም ምንጭ ተሥሏል። ለትምህርት ነው ቢሉኝ አላምንም። ዛሬ ሥዕል ነው፣ ነገ ሜትር ይዘው ይመጣሉ፣ ከዚያ ቧንቧ ዘርግተው ውሃችንን ወደ ከተማ ይወስዱታል። የምንጩ ጠባቂ ደግሞ እኔ ነኝ። በበጋ ከመንደራችን ሰው በቀር ማንም አይቀዳም። ወረቀቱን በዓይኔ ላየው፣ ካስፈለገም ልቀደው ወጣሁ። ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ያነበበልኝን አላምንም።

አምበር፣ ሦስት ሰዓት

በእግር ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። ጤፉ ታጭዷል፤ ጥቁሩ አፈር ከወዲሁ ተሰነጣጥቋል። አምበር ላይ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከሉማሜ የመጣ ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ ዱላዬን አየ።

«ፋዘር፣ ዱላው ጣሪያ ላይ ይወጣል።»

«እኔም አብሬው እወጣለሁ» አልሁት።

ተሳፋሪው ሳቀ። ዱላዬ ስለተሰነጠቀ ወገቡን በሽቦ ጠምጥሜዋለሁ፤ ከዓይኔ አላርቀውም። በጉልበቶቼ መካከል ይዤው ተቀመጥሁ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ሃያ ብር ጨመረብኝ፤ የዱላው ይሁን የእኔ አልነገረኝም።

ደብረ ማርቆስ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ትምህርት ቤቱ ደረስሁ። የአዳራሹ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። መምህርቷ ልጅ እግር ናት። «እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። እንዲህ ቶሎ የሚያከብር ሰው አልወድም።

«ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትሰጭው?»

«ለማንም። ልጆቹ ውሃው ጋ እስኪደርሱ መንገድ ላይ የሚያግዳቸውን ይሥላሉ፣ ከሥሩ ስሙን ይጽፋሉ። ከዚያ እንነጋገርበታለን።»

አላመንኋትም። አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርሁ። «ገደል።» «የጎረቤት ውሻ።» «ጭቃ።» ቀጥሎ ምንጫችንን አገኘሁት፤ ሾላው፣ የእሾህ አጥሩ፣ ምንም አልቀረም። በሩ ላይ ከሾላው የሚበልጥ ሰው ቆሟል። የያዘው ዱላ ወገቡ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ከሥሩ «ሰውዬው» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ዞር ስል አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ዱላዬን ታያለች። የዝና ትባላለች፤ ከእኛ በታች ካለው መንደር ናት።

«አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«አዎ፣ አባባ።» ወደ መምህርቷ ተጠጋች። «እርስዎ ሲመልሱን ከወንዙ እቀዳለሁ። ወንዙ ውስጥ ከብት ይገባል። ወንድሜ ያንን ጠጥቶ ሆዱን አሞት ተኝቷል።»

«አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ አላስተማርሁም?» አለች መምህርቷ።

«ማገዶውስ?» አለች የዝና።

ወደ ሥዕሉ ዞርሁ። «ይህን ያህል ረጅም ነኝ እንዴ?» አልሁ።

«ሲቆጡ ነዎት።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልቀደው የመጣሁት ወረቀት ፊቴ ላይ ነበር፤ ሳልነካው ወጣሁ።

ወደ ቤት

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደር ገባሁ። መምህርቷን አሁንም አላምናትም። ሜትር የያዘ ሰው ከመጣ ዱላው ከቤቴ በር ጀርባ አለ። ግን ከተማው ውሃችንን ይወስዳል ብዬ ስሰጋ፣ እኔ ከታች መንደር ልጆች ላይ ስወስድ ኖሬያለሁ። ይህንን ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ ነኝ ያነበብሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የዝና ጀሪካኗን አዝላ መጣች። የእሾሁን በር አነሣሁላት። አንድ ጎረቤቴ «ለታች ሰው ከፈትህ? ምን ነካህ?» ሲል ጮኸብኝ።

«ተራህን ጠብቅ» አልሁት።

ሞልታ ስትጨርስ ባዶ እጄን አየች።

«አባባ፣ ሌላ ሥዕል ልሣል?»

«ተይ» አልኋት። «ባለ ሜትሮቹ መንገዱን ያውቁታል።»