የጎድጓዳው ባለቤት

ማክሰኞ

በሰኔ መግቢያ ማለዳ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ተነሣሁ። መሥሪያ ቤቴ የላከኝ ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ የት የት እንደሚራባ እንዳይ ነው። የራሴ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ባሕር ዳር የምታስተምረውን ባለቤቴን የሺን፣ ያውም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣ ወደ ቤታችን ልመልሳት ነበር የምሄደው። ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ለቅቄው ብሄድ በማግስቱ ሌላ ሰው ይገባበታል። አለቃዬ "ባሕር ዳር የሚቀመጥ ሰው አጣን፤ ለምን አትሄድም?" ሲለኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። የይለፍ ወረቀቴ ለሰባት ቀን ብቻ ነበር። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ የቤቱን በር መቆለፌን ተጠራጠርኩ፤ የዓባይን በረሃ ወርደን ደጀን እስክንወጣ ቁልፉን በኪሴ ስዳስስ ነበር። ደብረ ማርቆስ በሁለት ብር አልጋ ይዤ አደርኩ።

ረቡዕ

ባሕር ዳር ቀትር ላይ ገባን። የሺ ቀሚሷ ጠመኔ እንደነካው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለችኝ። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ አዘዘችልኝ፤ በወጉ ሳላጣጥም ጨረስኩት።

"በቃ፣ አብረን እንመለስ" አልኳት።

"ሥራዬን ጥዬ? አንተ ለምን አትመጣም?"

"ቤቱንስ ለማን ልተወው?"

"ለቀበሌው!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና "እኔ የምወልደው እዚሁ ነው። መምጣት አለመምጣት ያንተ ፋንታ ነው" አለችኝ። እንደ ቀልድ አልነበረም። ፈራሁ፤ የፈራሁትን ግን ቁጣ አስመስዬ አወጣሁት።

ሐሙስ

አያ ምትኩ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳቸው ይዘውኝ ወጡ። ዝናቡ ውሃውን ገና ስላላደፈረሰው የዳሩ አሸዋ ይታያል። አሸዋው ላይ ሳህን ሳህን የሚያህሉ ጎድጓዶች ተደርድረዋል፤ በየጎድጓዳው ላይ አንድ አንድ ቆሮሶ ቆሟል። ጎረቤት ትንሽ ጠጋ ካለ ተወርውሮ ያባርረዋል። ድሮ ምጽዋ ለሥራ በሄድኩ ጊዜ ጣት የምታክል ዓሣ ድንጋይዋ ሥር የጣለችውን እንቁላል ለመጠበቅ እጄን ነክሳኛለች ብዬ ነበር፤ በኋላ ሲነግሩኝ ነካሹ አባትየው ኖሯል። አሁን እንዳልሳሳት ማስታወሻዬን አወጣሁ።

"አያ ምትኩ፣ የዚህ ጎድጓዳ ባለቤቱ ይኸ ትልቁ ነው?"

"ባለቤቱማ ሄደች።"

"ሚስቱን አይደለም፤ የቤቱን ባለቤት ማለቴ ነው።"

"እኔስ የማንን አልሁ? እንቁላሏን ጣለች፣ መልሳ በአፏ ለቀመች፣ ሄደች። ቤቱ ያው አፏ ነው፤ ልጆቹ የሚፈለፈሉት እዚያ። ይኸማ ዘበኛ ነው።"

"ታዲያ ባዶ ጉድጓድ ምን ያደርግለታል?"

"ሌላይቱ ትመጣለች ብሎ ነዋ! ጉልበታሙ መካከሉን ይይዛል፤ ብዙዎቹ ሴቶች ይመጡለታል። ደካማው ዳር ላይ ይቀራል። ሲጋፋ ይውላል እንጂ ልጆቹን አንዱንም አያይ።" ቀና ብለው አዩኝ። "እርስዎስ ጌታው፣ ባለትዳር ነዎት?"

"ነኝ" አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨብጧል። አፈርኩ።

ቅዳሜ

የሺ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝ። የአያ ምትኩን ነገር ነገርኳት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ዘበኛው የዓመት ፈቃድ የለውም?" አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን አለቃዬን ሳላናግር ቃል መስጠት አልደፈርኩም። አውቶቡሱ ሲነሣ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሰኞ

ቤቱ እንደተቆለፈ ነበር የቆየኝ፤ የነካውም ሰው የለም። ሁለቱን ክፍሎች ብዙ ጊዜ ተመላለስኩባቸው። ከዚያ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ቦታው አሁንም ክፍት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ "ነገ ብትሄድ ደስታዬ ነው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ገብቼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ "ቤቱን የምትለቀው አንተ ብቻ ነህ? ባለቤትህስ?" አለኝ።

"ባለቤቲቱማ ቀድማኝ ሄዳለች" አልኩት። "እኔ ዘበኛ ነበርኩ።"